የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የዕደ ጥበብ ባለሙያ ሴቶችን እንዴት ሊያግዝ ይችላል

በእጇ ፈትላ፣ ሸምና፣ ጠልፋ ወይም ሸክላ ሠርታ የምትተዳደር ሴት ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማትመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ለእጅ ሥራዋ የሚሆን ነገር አለ ብላ ስለማታስብ ነው። ይህን ግምት የፈጠርንባት ደግሞ እኛው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ነን። ስለ ሽመና የተጻፈው መጽሐፍ በአንድ መደርደሪያ፣ ስለ ክር ማቅለም የሚያስረዳው በሌላ፣ ዋጋ ማውጣትን የሚያስተምረው ደግሞ ከሁለቱም ርቆ ተቀምጦ፣ ካታሎጉም (የመጻሕፍቱ መፈለጊያ ዝርዝር) እሷ በማትጠራቸው ቃላት ተሞልቶ ሳለ፣ ለምን አልመጣችም ብሎ መገረም ተገቢ አይመስለኝም።

ይህ መመሪያ ብዙ በጀት ለሌላቸው፣ ሠራተኛቸውም ጥቂት ለሆነ ቤተ መጻሕፍት የታሰበ ነው። ከልምድ የደረስኩበትን ከመነሻው ልናገር፦ ቤተ መጻሕፍት ማሠልጠኛ ተቋም ወይም ሱቅ ልሁን ሲል ቶሎ ይደክማል፤ መፈለግን፣ ማደራጀትን፣ ማዋስንና ጠብቆ ማቆየትን፣ ማለትም የገዛ ሥራውን፣ ለእነዚህ ሴቶች ሲሠራላቸው ግን ሌላ ማንም የማይሰጣቸውን አገልግሎት ይሰጣቸዋል። ለዚህ የተለየ ሥልጣን መጠየቅም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1949 ወጥቶ በ1972፣ በ1994 እና በ2022 የታደሰው የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ አገልግሎቱ ጾታና ማኅበራዊ ደረጃ ሳይለይ ለሁሉም በእኩልነት እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. የ2003ቱ የዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ስምምነት ደግሞ ባህላዊ የዕደ ጥበብ ሙያን ቅርሱ ከሚገለጥባቸው አምስት ዘርፎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። የበላይ ኃላፊ «ይህ የእኛ ሥራ ነወይ?» ብሎ ከጠየቀ፣ እነዚህን ሁለት ሰነዶች አንድ ላይ ማቅረብ በቂ መልስ ነው።

መጀመሪያ ሄዶ መጠየቅ

ሥራው የሚጀምረው ከቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ውጭ ነው። አንድ ሁለት ሠራተኞች፣ ቢቻል ሴቶች፣ ባለሙያዎቹ ወደሚሠሩበት ቦታ፣ ማኅበር ካላቸው ወደ ማኅበራቸው፣ ከሌላቸውም ወደየቤታቸው፣ አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው ይሂዱ። በዚህ ጉብኝት «ምን ዓይነት ሥልጠና ይፈልጋሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አያዋጣም፤ የሚገኘው መልስ ብዙውን ጊዜ እንግዳውን ለማስደሰት የሚሰጥ ነው። «ባለፈው ሳምንት ሥራዎን ያስቆመዎ ምን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን እውነተኛው ጉዳይ ይወጣል። አንዷ ክሩ ሲታጠብ ቀለሙ እንደሚለቅባት፣ ሌላዋ ገዢ የላከላት የልኬት ሠንጠረዥ በማታነበው ቋንቋ እንደተጻፈ፣ ሦስተኛዋ ከምሽት በኋላ ጥልፉ እንደማይታያትና ዐይኗ እንደደከመ ትናገራለች። የመጀመሪያው መልስ መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ተርጓሚና ግማሽ ሰዓት፣ ሦስተኛው ማጉያ መነጽርና መብራት ይፈልጋል። መልሶቹ ቀን ተጽፎባቸው በአንድ ደብተር ይመዝገቡ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

በዚሁ ጉብኝት ሰዓትንም መጠየቅ አይረሳ። እኔ በምሠራበት ቤት የመጀመሪያውን መርሐ ግብር ያወጣነው ለእኛ በሚመቸን በሥራ ቀን ጠዋት ነበር። ሃያ ወንበር ደርድረን የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ስትሆን፣ እሷም ያዘለችው ልጅ ስላለቀሰባት ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳትቆይ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ስብሰባውን፣ በጎን ባለው ክፍል ለሕፃናት ተረት ወደሚነበብበት የከሰዓት ጊዜ አዞርነው። ልጆቹ ተረት ሲሰሙ እናቶቹ ሥራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሌላ የለወጥነው ነገር አልነበረም፤ ወንበሩ ግን ሞላ።

መደርደሪያውን በባለሙያዋ ዐይን ማየት

እ.ኤ.አ. በ1876 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የዲዊ አስርዮሽ አመዳደብ፣ ማለትም መጻሕፍት በርእሳቸው ቁጥር እየተሰጣቸው የሚደረደሩበት ሥርዓት፣ ለዕደ ጥበብ የማይመች አይደለም፤ ነገር ግን ዕውቀቱን የሚከፍለው ባለሙያዋ በምትሠራበት ቅደም ተከተል አይደለም። የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ በ746 ሥር ሆኖ፣ ሽመና በ746.1፣ የቅርጫትና የሰፌድ ሥራ በ746.41፣ ጥልፍ በ746.44 ይገኛል። ሸክላ በ738፣ የብረታ ብረት ጥበብ በ739 ነው። የማቅለሚያ ቴክኖሎጂ ግን 667 ላይ፣ የሒሳብ አያያዝ 657 ላይ፣ የንግድ ሥራ አመራር 658 ላይ፣ የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ደግሞ 346.048 ላይ ይውላል። አንዲት ሸማኔ ክሯን ከማቅለም ጀምራ ምርቷን እስክትሸጥ ድረስ የሚያስፈልጓትን መጻሕፍት ለማግኘት ሙሉውን አዳራሽ መዞር አለባት ማለት ነው።

የመደብ ቁጥሩን መለወጥ አያስፈልግም። መጻሕፍቱን ከየቦታቸው ሰብስቦ በአንድ መደርደሪያ በጊዜያዊነት ማስቀመጥና በካታሎጉ ላይ «የዕደ ጥበብ መደርደሪያ» ብሎ ማመልከት ይበቃል። ከዚያ የሚከተለው ሥራ አድካሚ ቢሆንም ፍሬው ብዙ ነው፦ ባለሙያዎቹ መሣሪያዎቻቸውን፣ የክር ዓይነቱን፣ የጥለቱንና የጥልፉን ስም በምን እንደሚጠሩ እየጠየቁ፣ እነዚያን ቃላት በካታሎጉ የመፈለጊያ ቃላት ውስጥ ማስገባት። አንድ መሣሪያ በሁለት ወይም በሦስት ስም የሚጠራ ከሆነ ሁሉም ይግቡ፤ ትክክለኛው የቱ ነው ብሎ መከራከር የእኛ ድርሻ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ብዙዎች የሚዘነጉትን ጥንቃቄ ላንሣ። በስጦታ የሚመጡ የቆዩ የማቅለሚያ መጻሕፍት ቀለሙ ክር ላይ እንዲይዝ ፖታሺየም ዳይክሮሜት የተባለውን ኬሚካል መጠቀምን እንደ ተራ ነገር ይመክራሉ፤ ይህ ኬሚካል ካንሰር እንደሚያስከትል የታወቀ ነው። የድሮ የሸክላ መጻሕፍትም እርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) ያለበትን ማንጸባረቂያ ቅብ ለምግብ ዕቃ ሳይቀር ይጠቅሳሉ፤ እርሳሱ ወደ ምግቡ ሊገባ ይችላል። መጽሐፉን ማስወገድ የግድ አይደለም፤ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ አደገኛው ነገር ምን እንደሆነና ስንተኛው ገጽ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ወረቀት ይለጠፍበት። ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ለማትችል ተገልጋይ ደግሞ አዋሹ ሠራተኛ በቃል ሊነግራት ይገባል።

ከመጽሐፍ ሌላ የሚዋሱ ዕቃዎች

መሣሪያ ማዋስ በብዙ ቤተ መጻሕፍት እየተለመደ የመጣ አገልግሎት ሲሆን፣ ለዕደ ጥበብ የሚያስፈልጉት ዕቃዎችም ጥቂት ናቸው፦ በግራም የሚለካ ሚዛን፣ ማጉያ መነጽር፣ የጠረጴዛ መብራት፣ የስልክ መቆሚያ፣ የልብስ ሜትር። ከሁሉም የበለጠ የምመክረው ሚዛኑን ነው። የቀለምና የቀለም አስያዥ መጠን የሚሰላው በደረቁ ክር ክብደት ነውና፤ ለምሳሌ አሉም የሚባለው ጨው ለሱፍ የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ከክሩ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ስለሆነ፣ ለ500 ግራም ሱፍ ከ50 እስከ 75 ግራም ይበቃል። በእፍኝ ስትሰፍር የኖረች ባለሙያ እጇ የለመደውን ያህል ታውቃለች፤ ይሁን እንጂ ገዢ «የባለፈውን ዓይነት ቀለም አሥር ጊዜ ድገሚልኝ» ሲላት፣ መዝናና ጽፋ ያስቀመጠችው ቁጥር ያወጣታል።

የዋጋ ወረቀት

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ለቁሳቁስ ያወጡትን ያውቃሉ፤ የጠፋባቸው የራሳቸው ሰዓት ነው። ልጅ ሲያበሉ፣ እንግዳ ሲያስተናግዱ እየተቋረጠ የተሠራ ሥራ ስንት ሰዓት እንደፈጀ በግምት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቶ በነጻ ያባዛ፤ በላዩ ላይ የዕቃው ስም፣ የቁሳቁስ ዝርዝር፣ ከሥሩም ሥራ የጀመረችበትና ያቋረጠችበት ሰዓት የሚጻፍባቸው መስመሮች ይኑሩ። መጻፍ ለማትችል ሴት እያንዳንዱ ሳጥን ሩብ ሰዓትን የሚወክልበት፣ እሷም ጭረት ብቻ የምታደርግበት ወረቀት መሥራት ይቻላል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ፤ ገንዘቡ የትኛውም ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዲት ባለሙያ ለአንድ የጠረጴዛ ልብስ ክር በ400 ገዛች፣ ለመሣሪያ እርጅና 40፣ ለመጓጓዣ 60 አወጣች፤ 26 ሰዓትም ሠራች። ሰዓቷን በ30 ብታስበው የጉልበቷ ዋጋ 780 ይሆናል፤ ጠቅላላ ወጪው 1,280 ነው። እሷ ግን «ገበያው ይህን ነው የሚከፍለው» ብላ በ900 ስትሸጥ ኖራለች። ከ900 ላይ ለክር፣ ለመሣሪያና ለመጓጓዣ ያወጣችውን 500 ስንቀንስ የሚቀራት 400 ሲሆን፣ ለ26 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ከምናምን ብቻ ይደርሳታል። ይህን ስሌት እሷው በእጇ ስትሠራው እንጂ ሠራተኛው ሠርቶ ሲነግራት ብዙ ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው ስሕተት የሚፈጸመው ዕቃውን በሌላ ሰው ሱቅ ስታስቀምጥ ነው። ባለሱቁ ከመሸጫው ዋጋ 40 በመቶ የሚወስድ ከሆነ፣ ብዙዎች በ1,280 ላይ 40 በመቶ ጨምረው 1,792 ይሉታል። ባለሱቁ ድርሻውን ሲወስድ ግን የሚተርፋት 1,075 ገደማ ነው፤ ማለትም ጉልበቷን ጨምሮ የታሰበውን 1,280 እንኳ አልመለሰችም። ትክክለኛው መንገድ 1,280ን ለ0.6፣ ማለትም ለእሷ ለሚቀረው 60 በመቶ፣ ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 2,133 ይሆናል። ይህን ቀመር በትልቁ ጽፎ በዕደ ጥበብ መደርደሪያው ጎን መለጠፍ ከብዙ ቀናት ሥልጠና የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዋጋው ከፍ ሲል ገዢ ላይገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ውሳኔው የእሷ ነው፦ ጊዜ የሚወስደውን ጥለት መቀነስ፣ ሱቁን ትታ በቀጥታ መሸጥ፣ ወይም ዕቃውን መሥራት መተው። ቤተ መጻሕፍቱ ቁጥሩን ያሳያል እንጂ ምርጫውን አይመርጥላትም።

ፎቶና መግለጫ

በስልክ ለመሸጥ ጥሩ ካሜራ አያስፈልግም፤ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት መስኮት፣ ነጭ ጨርቅና መቆሚያ በቂ ናቸው። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የፈትሉ ውፍረትና የጥልፉ ከፍታ ጎልቶ ይታያል፤ የስልኩ ፍላሽ ግን ያንን ሁሉ ያጠፋዋል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሙሉውን የሚያሳይ፣ ጠጋ ብሎ የተነሣ፣ መጠኑን ለማሳወቅ ከእጅ ጋር የተነሣና የጀርባውን ገጽ የሚያሳይ ፎቶ ይኑረው። ጥልፍ የሚያውቅ ገዢ አስቀድሞ የሚገለብጠው ጀርባውን ነውና፣ ንጹሕ ጀርባ ያላት ባለሙያ ልትደብቀው አይገባም። መግለጫውም ቁሳቁሱን፣ ልኩን በሴንቲ ሜትር፣ አጠባቡንና የሠሪዋን ስም ይያዝ፤ ስሟ እንዲታወቅ ካልፈለገች ግን አይጻፍ።

መመዝገብና ፈቃድ

ስለ ባህላዊ ዕውቀት ስንናገር አብዛኞቻችን ለመሰብሰብ እንቸኩላለን። በዚህ በኩል የራሳችንን ጥፋት ልናገር። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሸማኔ ጥለቶቻቸውን ሲያሳዩን ፎቶ አንሥተን፣ በቃል «እሺ» ስላሉን ብቻ፣ ምስሎቹን ለማንም ክፍት በሆነ ገጽ ላይ አወጣናቸው። ከወራት በኋላ እኒያው እናት መጥተው፣ ከጥለቶቹ አንዱ በማሽን ታትሞ ሲሸጥ እንዳዩ ነገሩን። ከእኛ ምስል መወሰዱን ማረጋገጥ ባንችልም፣ እሺ ያሉት ለቤተ መጻሕፍቱ እንጂ ለዓለም ሁሉ እንዳልነበረ ግን ግልጽ ነበር። ምስሎቹን አነሣን፤ ማንሣት ግን የተቀዳውን አይመልስም።

ከዚያ ወዲህ ከካሜራው በፊት የሚቀርበው ወረቀቱ ነው። ወረቀቱ አራት ምርጫ አለው፦ ለሁሉም ክፍት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ የሚታይ፣ ለቤተሰቧ ወይም ለማኅበሯ አባላት ብቻ የሚሰጥ፣ እና ጨርሶ የማይመዘገብ። አራተኛውን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ እንቢ ማለት እንደ ነውር ይቆጠራል። ጥለቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የማኅበረሰብ ከሆነ የአንዷ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመለከታቸው ሌሎች እነማን እንደሆኑ እሷን መጠየቅ ይገባል። ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ይነበብላት፣ ቅጂው በእጇ ይቅር፣ ሐሳቧን ብትለውጥ መዝገቡ እንደሚነሣም ይጻፍበት። እንዲህ ያለውን በደረጃ የሚለይ አጠባበቅ በኮምፒውተር ለማካሄድ ለሚፈልግ፣ በአውስትራሊያ ከዋሩሙንጉ ማኅበረሰብ ጋር በተሠራ ሥራ የተጀመረው ሙኩርቱ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ትንሽ ቤት ግን በተቆለፈ ሣጥንና በአንድ መዝገብም ሊሠራው ይችላል።

ሕጉ በዚህ በኩል ሁልጊዜ አይደርስላትም። የቅጂ መብት በተለምዶ የታወቀ ደራሲና የተወሰነ ዘመን ስለሚጠይቅ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ጥለት ብዙ ጊዜ ከጥበቃው ውጭ ይሆናል። የተለየ መንገድ የመረጡ አገሮች አሉ፤ ፓናማ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 20 የነባር ሕዝቦችን የጋራ መብት የምታስከብር ሲሆን፣ ከእነዚህ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የጉና ሕዝብ ሴቶች የሚሰፉት ሞላ የተባለው ጨርቅ ከጥበቃው ተጠቃሚዎች አንዱ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን ጠበቃ አይደለም። የራሱን አገር ሕግ ጽሑፍ አግኝቶ፣ በቀላል ቋንቋ አስረድቶ፣ ማመልከቻ የሚቀርብበትን መሥሪያ ቤት ማሳየት ድርሻው ነው፤ «መብትሽ የተጠበቀ ነው» ብሎ ማረጋገጫ መስጠት ግን አይገባውም።

ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ቀረጻው በጥንቃቄ ይሠራ። ቪዲዮ ሲነሣ ካሜራው ከፊት ለፊት ሳይሆን ከባለሙያዋ ትከሻ በላይ ይቁም፤ ያን ጊዜ ተማሪዋ እጆቹን የምታየው የራሷን እጅ በምታይበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ቀኝና ግራ አይገለባበጥባትም። በወረቀት ላይ ያሉ ንድፎች በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚቀረጹ ነጥቦች ብዛት) ተቀርጸው ዋናው ቅጂ ጥራቱን በሚጠብቀው ቲፍ በተባለ የምስል ፋይል ዓይነት፣ ለአገልግሎት የሚውለው አነስ ባለው ጄፔግ ይቀመጥ። ቅጂው ቢያንስ ሦስት ይሁን፤ ከሦስቱም አንዱ ከሕንጻው ውጭ ይቀመጥ፤ አንዱ ደግሞ ለባለሙያዋ ይሰጥ፤ ይህ የመጨረሻው ሊታለፍ አይገባም።

ዐውደ ርእይ

ለዐውደ ርእይ የሚመጣ ሥራ በሁለት ነገር ይጎዳል፤ በብርሃንና በእጅ። ለቀለም ጨርቃ ጨርቅ በሙዚየሞች የተለመደው ጣሪያ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ይህ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ስለሆነ ጨርቁን ከመስኮት ማራቅና የማሳያ ጊዜውን በሳምንታት መወሰን ያስፈልጋል። ለመነካካት የሚሆን ሌላ ቁራጭ ባለሙያዋ ሠርታ ከሰጠች (ዋጋው ተከፍሏት) ሰው ዋናውን አይነካም። ዕቃው ሲገባና ሲወጣ የሚፈረምበት ደረሰኝ፣ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የሚከፈለው ዋጋ ተጽፎበት አስቀድሞ ይዘጋጅ። ሽያጭን በሚመለከት ከቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ጋር እንዳይጋጭ፣ ገዢው በቀጥታ ከባለሙያዋ ጋር እንዲገናኝ አድራሻዋን፣ ከፈቀደች ብቻ፣ በመግለጫው ካርድ ላይ ማኖር ይበቃል።

ውጤቱን በምን እንለካ የሚለው ጥያቄ ሪፖርት በሚጻፍበት ወቅት መነሣቱ አይቀርም። የመጡትን ሴቶች ቁጥር መቁጠር ቀላል ነው፤ ግን ትንሽ ነው የሚነግረን። ስንት የዋጋ ወረቀት ተሞላ፣ ሚዛኑ ስንት ጊዜ ተዋሰ፣ ስንት የፈቃድ ወረቀት ተፈረመና ከእነዚያ ውስጥ ስንቶቹ «አይመዘገብ» አሉ የሚሉት የተሻሉ መለኪያዎች ናቸው። አንድም ሴት እንቢ ያላለችበት መዝገብ ጥያቄው በትክክል እንዳልቀረበ ሊያመለክት ይችላል። በስድስት ወሩም ወደዚያው ቦታ ተመልሶ፣ ሥራቸውን ያስቆማቸውን እንደገና ጠይቆ፣ መልሱን በደብተሩ ላይ ከፊተኛው ጎን መጻፍ ነው። ይህ ደብተርና የፈቃዶቹ መዝገብ በአንድ ሠራተኛ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጡ፤ ሠራተኛዋ ስትዛወር ለማን ቃል እንደተገባ የሚያውቅ ሰው ስለሚጠፋ፣ ርክክቡ በሁለት ሰው ፊርማ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ቋሚ ንብረት ዝርዝር ጋር ይፈጸም።